ከሠርጉ ማግስት ያለችው ልጅ

ጥር ሲገባ፣ ከፋሲካ በኋላም ግንቦት ሲጠባ፣ በጣና ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች አንድ ዓይነት ዜና ይሰማል። ይህን ያህል ያለዕድሜ ጋብቻ በዕድሜ ምርመራ ተሰረዘ፤ ይህን ያህል ልጃገረዶች ወደ ትምህርት ገበታቸው ተመለሱ ይባላል። ዜናው ደስ ያሰኛል። ከጀርባውም የመምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዎች ድካም አለ። እኔን የምታሳስበኝ ግን ሌላዋ ልጅ ናት፤ ሠርጓ ያልተሰረዘላት። እሷ ከድግሱ ማግስት ጀምሮ ከዜናው ትወጣለች። እንደገና ወሬዋ የሚሰማው፣ ከተሰማ፣ አንድም ከማዋለጃ ክፍል፣ አንድም ከፊስቱላ ማዕከል ነው።

ሙግቴ ይህ ነው፦ ጋብቻውን ለማስቀረት ስንረባረብ፣ ያገባችው ልጅ ከሕክምና እንድትሸሽ የሚያደርግ ሁኔታ ፈጥረናል። ሠርጉን ለሕግ የሚጠቁመውና ነፍሰ ጡሯን የሚከታተለው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቤተሰቡም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ወደ ጤና ኬላ መምጣት የሚገባት ከሁሉ ዘግይታ ትመጣለች፤ ወይም ጭራሽ አትመጣም።

መጀመሪያ አካሏን እንመልከት። ሴት ልጅ ቁመቷ መጨመር ካቆመ በኋላም የዳሌ አጥንቷ ማደጉን ይቀጥላል። የወር አበባ ማየቷ ማርገዝ እንደምትችል ያመለክታል እንጂ የመውለጃው መንገድ ለሕፃን ጭንቅላት መብቃቱን አያረጋግጥም። በሁለቱ መካከል ዓመታት አሉ። በልጅነቷ እንደ ልብ ያልበላች፣ ተደጋጋሚ በሽታ ያገኛት ልጅ ደግሞ እድገቷ ስለሚጓተት ዳሌዋ የሚበቃበት ጊዜም ይርቃል። ሽማግሌ ሊያጭ ሲሄድ የሚያየው ቁመናዋን ነው፤ እንስራ ተሸክማ ስትመጣ፣ ጠላ ስትቀዳ ያያታል። አጥንቷን የሚያይ የለም።

በላቲን አሜሪካ ከ854 ሺህ በላይ የወላዶችን መዝገብ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በታች የሆኑ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው 4 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የደም ማነስም በእነሱ ላይ በርትቷል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ፣ የማህፀን መመረዝ፣ ጊዜው ሳይደርስ የሚወለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ግን እስከ 19 ዓመት ባሉት ሁሉ ላይ በዝተው ታይተዋል። ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። የ18 ዓመት ልጅ እርግዝናና የ14 ዓመት ልጅ እርግዝና «የአፍላ ወጣቶች እርግዝና» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ እንጂ አደጋቸው እኩል አይደለም። ዓመት በቀነሰ ቁጥር አደጋው ቁልቁለት እንደያዘ ድንጋይ ይፈጥናል።

በጣና ዳርቻ በዚህ ላይ የሚታከል አለ። ከደራ እስከ ፎገራ፣ ከሊቦ ከምከም እስከ ደንቢያ የተዘረጋው ሜዳ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ውሃው ሲሸሽ ወባ የሚነሳበት አገር ነው። ወባ በማንኛዋም ነፍሰ ጡር ላይ ክፉ ነው፤ በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ግን የባሰ ነው። ተሕዋሲው በእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸጋል። የእናትየው ሰውነት እዚያ የተሸሸገውን መቋቋም የሚለምደው ደጋግማ ስታረግዝ ነው። የ15 ዓመት ልጅ እርግዝና ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የመጀመሪያ ነው። እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር ሲዋል በቆዳ የሚገባው ደም መጣጭ የአንጀት ትልም አለ። ወባ ደሟን ያረግፈዋል፣ ትሉ ይመጠዋል፣ ገና ያልጨረሰችው እድገት ድርሻውን ይጠይቃል፣ ፅንሱ ደግሞ የራሱን ይወስዳል። «ልጁ እንዳይገዝፍ፣ ምጡ እንዳይከብድ አትብይ» የሚለው የቤት ምክር ሲጨመርበት ልጅቷ ወደ ምጥ የምትገባው ባዶዋን ነው። ለጤነኛ ሴት የሚያደክም ብቻ የሆነ የደም መፍሰስ እሷን ይገድላታል።

ሁለተኛው ገዳይ ድምፅ የለውም። የመጀመሪያ እርግዝናና የልጅነት ዕድሜ ሲገናኙ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ይበረታል። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከዚያ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል። ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ካሉት ይልቅ በዚህ ሕመም እንደሚጠቁ በየጊዜው ያሳስባል። ሕመሙን በጊዜ ለማወቅ የሚያስፈልገው የደም ግፊት መለኪያና የሽንት ምርመራ ነው። መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል፣ ዋጋውም ቀላል የሆነ መድኃኒት ነው። ግን አንዲት ሙሽራ በድንገት ወድቃ አረፋ ስትደፍቅ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መንፈስ ነው። በሽታዋ ጸበል የሚያሻው መስሎ ሲታይ የሚያልፉት ሰዓታት ናቸው የሚገድሏት። በጣና ዳርቻ ጸበሉም ጤና ጣቢያውም አሉ። አንዱ ሌላውን መከልከል የለበትም፤ ካህናቱም ይህን ቢናገሩላት ከማንኛውም ቅስቀሳ ይልቅ ይደመጣሉ።

ሦስተኛው የማይወጣው ምጥ ነው፤ ባሕር ዳርም በዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት።

የሕፃኑ ጭንቅላት ጠባብ ዳሌ ውስጥ ሲቀረቀር ምጡ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ጭንቅላቱ ፊኛዋንና የመውለጃ አካሏን ከዳሌው አጥንት ጋር አጣብቆ ሲጫን ደም ወደዚያ ሥጋ መድረሱን ያቆማል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይረግፍና ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። ነርቭ ተጎድቶ እግሯን አንሥታ መራመድ የሚያቅታትም አለች። ልጇን ቀብራ፣ ሽታዋን አፍራ፣ ከጓዳ የማትወጣ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ትሆናለች። ባል ብዙ ጊዜ ወደ ወላጆቿ ይመልሳታል።

ካተሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነበር። እነዚህን ሴቶች ሲያዩ ግን በዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ካተሪን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ፣ በዚህች አገር ኖሩ። ከአዲስ አበባ ውጪ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የተከፈተው በባሕር ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005። መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ የተከተሉት ከዚያ ወዲህ ነው። የባሕር ዳሩ ማዕከል ከጎጃምም ከጎንደርም ለሚመጡ ሴቶች በነፃ ሕክምና ይሰጣል። ድርጅቱ በአጠቃላይ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን አክሟል። ከእነዚህ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው፤ በልጅነታቸው በወሊድ ተጎድተው ለሕክምና መጥተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከሐኪሞቹ እጅ ሙያውን ተምረው፣ ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ለመሆን በቅተዋል። የእሳቸውን ስም በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ብናየው ደስ ባለኝ።

ፊስቱላ ግን የልጆች በሽታ ብቻ አይደለም። አምስተኛዋን የምትወልድ የ35 ዓመት ሴትም ሕፃኑ በአግድም ከመጣባትና ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትጎዳለች። አውሮፓና አሜሪካም ይህን ጉዳት ያጠፉት የጋብቻ ዕድሜን ከፍ በማድረግ ብቻ ሳይሆን ምጥ ሲጠና በቀዶ ሕክምና የሚያወጣ እጅ በየቦታው በማዳረስ ነው። ልጅነት ምጡን ያጠናዋል፤ ጉዳቱን የሚጨርሰው መዘግየት ነው። ስለ እናቶች ሞት የሚያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መዘግየቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ መዘግየት። በደቅ ደሴት ላለች ወላድ ሁለተኛው መዘግየት ውሃ ነው። አምቡላንስ ጣናን አይሻገርም። ሞተር ጀልባ መገኘት፣ ነዳጅ መኖር፣ ነፋሱም መተኛት አለበት። በፎገራ ሜዳ ደግሞ ነሐሴ ላይ መኪና እስከሚገባበት መንገድ የሚያደርሰው በሰው ትከሻ የሚሄድ ቃሬዛ ነው። የመጀመሪያው መዘግየት ግን ከሁሉ ይከፋል፤ የ15 ዓመቷ ልጅ «ውሰዱኝ» የማለት ሥልጣን የላትም። ውሳኔው የባሏ፣ የአማቷና የልምድ አዋላጇ ነው።

ቁጥሮቹን ስንመለከት አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። የአማራ ክልል ሴቶች በለጋ ዕድሜ ከሚዳሩባቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ሆኖ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል የወለዱ ወይም ያረገዙት በአገር ደረጃ 13 በመቶ ሲሆኑ በአማራ ክልል 8 በመቶ ገደማ ነበሩ። በአፋር 23 በመቶ፣ በሶማሌ 19 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነበር። ቀድመው የሚዳሩበት ክልል በልጅነት መውለድ ከአገሩ አማካይ በታች የሆነው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። በዚያው ዳሰሳ ከክልሉ ባለትዳር ሴቶች 47 በመቶ የሚሆኑት ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። ሌላው የቆየ ልማድ ነው፤ ልጅቷ ከተዳረች በኋላ እስክትጠና ድረስ ባልዬው እንዳይደርስባት ሽማግሌ ፊት ቃል የሚገባበት ቦታ አለ። ቃሉ ሁልጊዜ አይከበርም፤ እሱን ታምኖ ልጅን መስጠትም ትልቅ በደል ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት በሠርጉና በመጀመሪያው ወሊድ መካከል ጊዜ እንዳለ፣ ይህም ጊዜ ሊረዝም እንደሚችል ነው። ያ ጊዜ የጤና ባለሙያ ጊዜ ነው። በ14 ዓመቷ የተዳረችን ልጅ እስከ 19 ዓመቷ ሳትወልድ ማቆየት ከተቻለ፣ በደሉ ባይሰረዝም ሕይወቷ ይተርፋል። ጋብቻው ሕገ ወጥ ስለሆነ የወሊድ መቆጣጠሪያ መስጠት ጋብቻውን ማጽደቅ ይመስላል የሚል ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። መርፌው ወይም በክንድ የሚቀበረው የሚያጸድቀው አንዳች ነገር የለም፤ ዳሌዋ እስኪጠና ጊዜ ይገዛላታል።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜን 15 አድርጎት ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወደ 18 ከፍ አድርገውታል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ማግባት እስከ 7 ዓመት፣ 13 ዓመት የሞላትን ደግሞ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ትክክል ነው፤ አንድም ፊደሉ እንዲላላ አልፈልግም። ግን ሕጉ ወደ ገጠር ሲወርድ ምን ሆነ? ድግሱ ስሙን ለወጠ። ተዝካር ነው፣ ክርስትና ነው፣ ማኅበር ነው ተብሎ ይደገሳል። ወላጅ በሌላው ሠርግ ያበላውን ማስመለስ ይፈልጋል፣ ልጁም «ቆሞ ቀር» እንዳትባልበት ይፈራል፤ ስለዚህ መደበቅን መረጠ እንጂ መተውን አልመረጠም። ለዕድሜ ምርመራ የምትላክ ልጅም «18 ዓመቴ ነው በዪ» ተብላ ተመክራ ትቀርባለች። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ዛሬ የምትዳረው ልጅ ከዚያ በፊት የተወለደች ስለሆነች ዕድሜዋን የሚመሰክርላት ወረቀት የላትም።

የተደበቀ ሠርግ የተደበቀች ነፍሰ ጡር ያመጣል። ስታረግዝ ጤና ጣቢያ ሄዳ ዕድሜዋን ከተናገረች አባቷና ባሏ ሊታሰሩ ነው ብላ ትፈራለች፤ ካልተናገረች ደግሞ በመዝገብ ላይ «18» ተብላ ትጻፋለች። ሁለቱም ያጠፏታል። በመዝገብ ላይ 18 የሆነች የ14 ዓመት ልጅ ዳሌዋ በጥንቃቄ አይታይም፣ ቀዶ ሕክምና ያለበት ቦታ እንድትወልድ አስቀድማ አትላክም። በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2008ቱ ዳሰሳ 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሰዋል። በ1992 ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ፣ በአዋላጅ ነርስ ፊት የሚቀርበው ገንፎ ሳይቀር ያመጡት ለውጥ ነው። ተደብቃ ያገባችው ልጅ ግን ከዚህ መሻሻል የምትቋደሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው።

ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለች ቀበሌ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ትምህርት ላይ ላሉት ልጃገረዶች የትምህርት መሣሪያ ይሰጣል፤ ከትምህርት ቤት ውጪ ያሉት በየሳምንቱ ከሴት አማካሪ ጋር ይሰበሰባሉ፤ ከቤተሰብና ከመንደሩ ጋር ውይይት ይካሄዳል፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ወላጆች በመጨረሻ የቤት እንስሳ ይሰጣል። በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የፕሮግራሙ አካባቢ ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ይልቁንም የበለጠ አግብተው ተገኝተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ውጤት ማንሣት አይወድም። እኔ ግን ከመጀመሪያው እኩል የሚያስተምር ሆኖ ይታየኛል፤ ጋብቻው ተገፍቶ ከ13 ወደ 16 ሲሸጋገር ልጅቷ ገና ከአደጋ አልወጣችም፤ ከፊቷ ያለው እርግዝና ያው የልጅ እርግዝና ነው።

ትምህርት ቤቱ ራሱ አሁን የት አለ? በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ምክንያት በ2017 የትምህርት ዘመን ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። ሠርግ ሲደገስ ለቀበሌ የምትጠቁመው ጓደኛዋ፣ የክፍል መምህሯ፣ የሴት ተማሪዎች ክበብ፣ ሁሉም የሚገኙት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ቤት የዋለች የ13 ዓመት ልጅ በወላጅ ዓይን ለትዳር የደረሰች ናት፤ ጸጥታ በሌለበት አገር ደግሞ «ባል ይጠብቃታል» የሚል ሐሳብ ይጨመራል። መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ሲቆም፣ መድኃኒት ሲጠፋ የሚሆነውን ከላይ ከተገለጸው ምጥ ጋር አያይዞ ማሰብ ለማንም አይከብድም።

በከተማው ውስጥ ያለችው ልጅ ሌላ ናት። ከትዳር ሸሽታ ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር የመጣች የቤት ሠራተኛ ስታረግዝ የምትደብቀው ከሕግ ሳይሆን ከአሠሪዋና ከቤተሰቧ ነው። ሆዷን በመቀነት አጥብቃ እስከ ምጥ ድረስ ትሠራለች፤ ወይም በጓዳ መድኃኒት ለማስወረድ ስትሞክር ሕይወቷን ታጣለች። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በአስገድዶ መድፈር ላረገዘች፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ለሆነ፣ ደግሞም ልጅ በመሆኗ የሚወለደውን ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ላልደረሰች እርግዝናውን በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። በጉዳዩ ላይ የሃይማኖት አቋም ያለው ሰው ብዙ ነው፤ አከብረዋለሁ። ሕጉ የሰጣትን ሳታውቅ በጓዳ የምትሞት ልጅ መኖሯ ግን ከማንም አቋም ጋር አይስማማም።

እንግዲህ ከክልሉ ጤና ቢሮ የምጠብቀው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ሥራ ይለያቸው። ጋብቻን የሚጠቁመው ሰው ሌላ፣ ነፍሰ ጡርን የሚቀበለው ሰው ሌላ ይሁን። በእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ወደ ፖሊስ እንደማይሄድ ለእናትም ለአማትም በግልጽ ይነገር፤ ይህ ሲሆን ብቻ እውነተኛው ዕድሜ ይጻፋል። ፍርድ ቤት ሌላ ማስረጃ ይፈልግ፤ ድግስ የበላ መንደር ሞልቷል። ዕድሜዋ ከ17 በታች መሆኑ የታወቀ ነፍሰ ጡር ምጥ ሳይጀምራት፣ በዘጠነኛው ወር፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ማቆያ ትግባ። ለደቅ ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ አስቸኳይ ነው፤ ጀልባ የሚፈለገው ውሃው ጸጥ ባለ ጠዋት እንጂ ምጥ በጠናበት ሌሊት መሆን የለበትም። የምግቧንና የአስታማሚዋን ወጪ ቤተሰቡ አይችለውም፤ ወረዳው በጀት ይያዝለት።

ይህ ሥርዓት ቢዘረጋ በቅድሚያ የሚጠቅማት ሌላም አለች። በፊስቱላ ማዕከሉ ተጠግና የተመለሰች ልጅ እንደገና ካረገዘች ቀጣዩን ልጇን በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት፤ በቤቷ ካማጠች የተሰፋው እንደገና ሊቀደድ ይችላል። ስትሸኝ ይህ ይነገራታል። ማዕከሉ የራሱን ድርሻ ጨርሶ ሲሸኛት በመንደሯ የሚቀበላት ጤና ኬላ ስሟን፣ እውነተኛ ዕድሜዋንና የምትወልድበትን ወር አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።